ጥርስ በሌለበት ነቀላ

አይ፣ አትነሺ፣ አትነሺ! ለኔ ብለሽ ደግሞ… ቤተኛ እኮ ነኝ። እዚችው ጥግ ላይ እቀመጣለሁ። ኧረ መጋረጃው! ቀየርሽው እንዴ? ያምራል። ደህና ነገር ከሩቁ ያስታውቃል። ፀሐይ አያስገባ፣ ጎረቤት አያሳይ… ቤት ሲሸፈን ጥሩ ነው። ሻዩ ለብ ያለ ይሁንልኝ፣ ትኩስ ነገር ገና አልደፍርም። እብጠቱ ጎደለ አይደል? አዎ፣ በቀኝ በኩል ነበር። በቀኝ።

ወንድሜስ፣ ባልሽ? ሥራ ገባ? ይግባ፣ ይግባ። ሴትና ሴት ስንጫወት እሱ ባይኖር ይሻላል፤ ወንድሜ ነገር ቶሎ ይገባዋል… አይ፣ ቶሎ ይቆጣል ለማለት ነው።

ዋናው አመጣጤማ እንኳን ደስ ያለሽ ልልሽ ነው። ሰማሁ እኮ! ዶክተርዬን ለማሽኑ ክፍል መረጡት አሉ። ከጓደኞቹ ሁሉ ለይተው፣ «ይሄ እጅ ለቢላዋ አይባክንም፣ ከኮምፒውተሩ ጋር ይሥራ» ብለው። አንቺው ነሽ ለሰፈሩ ሁሉ የነገርሽው፣ ለኔ ብቻ ሳትነግሪኝ ቀረሽ። ግድ የለም፣ የደስታ ብዛት ያስረሳል። ጥርስ ሳያበቅል «ዶክተርዬ» ብለሽ የሰየምሽው ልጅ ይኸው የጥርስ ሐኪም ሊሆን ምን ቀረው? ስም ይወጣል ከቤት፣ ይከተላል ጎረቤት… ሥራው ደግሞ በኋላ ይደርሳል።

ነገርን ነገር ያነሳዋልና፣ የጥርስ ትምህርት ቤቱን ካነሳን አይቀር እዚያ የደረሰብኝን ላጫውትሽ። የሌላ ሰው ልጅ ነገር ነው፣ አትደንግጪ። ያንቺ ልጅማ ያን ቀን የት ነበር? ቤተ መጻሕፍት። አየሽ፣ ቤተ መጻሕፍት ነበርኩ ብሎሻል። እንግዲያው እዚያ አልነበረም ማለት ነው። ደግሞስ ሁሉም አንድ ዓይነት አረንጓዴ ልብስ፣ አንድ ዓይነት ቆብ፣ አፍና አፍንጫቸውን በጭምብል ሸፍነው… ማን ማን እንደሆነ እኔ በምን ልለየው?

አንቺው አይደለሽ የላክሽኝ? «ተማሪዎቹ ዘንድ ሂጂ፣ አስተማሪ ፊት ስለሚሠሩ ይጠነቀቃሉ» ያልሽኝ? እግዜር ይስጥሽ። ሄድኩ። ዶክተርዬን እንኳ እመጣለሁ አላልኩትም፤ በዘመድ ሰው ቀደመች እንዳልባል። ኮሪደሩ ላይ በፕላስቲክ ወንበር ተደርድረናል፣ ሁላችንም ጉንጫችንን ይዘን፣ አንገታችንን ወደ አንድ ጎን ሰብረን። አጠገቤ አንድ ጢማም ሰውዬ ተቀምጧል፣ ግራ ጉንጩ ዳቦ ጎርሶ የረሳው ይመስላል። ከውስጥ ያ መቦርቦሪያቸው ዚዚዚ ባለ ቁጥር እሱም እኔም እኩል ዓይናችንን እንጨፍናለን። ሳንተዋወቅ ተዛመድን።

ተጠርቼ ስገባ የተቀበለችኝ ማን መሰለችሽ? ታስታውሻታለሽ… ዶክተርዬ «የክፍሌ ልጅ» ብሎ እዚህ ቤት ያመጣት፣ ከሄደች በኋላ አንቺ «ምነው ይቺ ልጅ ጥርሷን አበዛችው፣ ሰው ቤት እንዲህ ይሳቃል እንዴ?» ያልሽላት። «ጥርሳሟ» ብለሽ ስም ያወጣሽላት። ሁለተኛ እንዳያመጣት ያስጠነቀቅሽው። እሷ ናት። አንቺ መቼም ሰው ታውቂያለሽ፤ አንዴ ካየሽ አየሽ፣ ከነቀልሽም ነቀልሽ ነው።

ያን ቀን እዚህ አይታኝ ነበርና ስታየኝ አወቀችኝ። «እትዬ! ምን ሆኑብኝ?» አለችና እጇን ታጥባ ጓንቷን አጠለቀች። «የቱ ጋ ነው የሚያምዎት?» ብላ በመስታወቷ እጀታ ጥርሴን ቀስ እያለች መታ መታ አደረገችው። በቀኝ፣ በታች፣ የመጨረሻዋን መንጋጋ ስትነካኝ ከወንበሩ ልነሳ ምንም አልቀረኝ። ራጅ ተነሳሁ። «ተጋድማ የበቀለች ናት» አለችኝ፣ «ሥሯ ለነርቭ ቀርቧል፣ ድዱን ከፍተን ነው የምናወጣት። ማሽኑንም እናማክረዋለን፣ ራጅ ያነባል፣ ጥሩ ያያል።» አየሽ፣ ማሽን አትጠላም። ብቻ አስቀድማ እኔን አየችኝ… ይሄ እንግዲህ የእሷ ሞኝነት ነው።

ልንጀምር ስንል ከላይ ያለው መብራት እምቢ አለ። አጠገቡ ወዳለው ወንበር አዛወሩኝ። ያ ወንበር የተዘጋጀው ለሌላ በሽተኛ ነው፤ ኮምፒውተሩም የሌላ ሰው ራጅ ከፍቶ አፍጥጧል። ልጅቷ «አስተማሪያችንን ልጥራ፣ የእርስዎንም ራጅ እዚህ ላስከፍት» ብላ ወጣች። ነርሷ ደግሞ ጊዜ እንዳይባክን ብላ አፌን በጎማ ደግፋ ከፈተችው፣ ፊቴን አፍ ላይ ብቻ ቀዳዳ ባለው አረንጓዴ ጨርቅ ሸፈነችኝና ሌላ ሰው ጠርቷት ሄደች።

እንግዲህ ከጨርቁ ሥር ነኝ። ተማሪዎቹ ቀዶ ጥገና ሊያዩ ተሰበሰቡ። አስተማሪዋ እስኪመጡ ወሬ ያዙ። ስለምን? ስለዚያ ስለ አዲሱ… ምን ነበር የሚሉት? ሰው ሠራሽ አስተውሎት። ስሙ ደስ አይልም? ጥርሱ ያለቀበት ሰው ሠራሽ ጥርስ ያደርጋል፣ አስተውሎቱ ያለቀበትስ ለምን ይቅርበት?

አንዱ ድምፀ ሻካራ «ይሄን ሁሉ ዓመት ተምረን ሥራችንን ከአፋችን ሊነጥቀን ነው» ይላል። አንዷ ቀጭን ድምፅ «ባክህ አይነጥቅም! ነርቩ በየት በኩል እንደሚያልፍ አስቀድሞ ካሳየኝ ለኔ ደስታዬ ነው። ካልኩሌተር መጣ ተብሎ የሒሳብ አስተማሪ ተባረረ?» ትለዋለች። ሌላው፣ መቼም ጠበቃ መሆን ሲገባው መንገድ ስቶ የመጣ ነው፣ «ቢሳሳትስ ማን ይጠየቃል? ኮምፒውተር እጅ የለው፣ ካቴናው በምኑ ይገባለታል?» አለ። ተሳቀ። ከኋላ አንዱ «ለመሆኑ ስለሱ ተምረን እናውቃለን?» ቢል «ተምረናል፣ አንተ ተኝተህ ነበር» አሉት። እኔ እንግዲህ አፌን ከፍቼ ይሄን ሁሉ ክርክር አዳምጣለሁ። አስተያየት ብጠየቅ እንኳ መልሴ «እእእ» ነው።

ይሄኔ አንድ ድምፅ ገባ። እንዴት ያለ ድምፅ መሰለሽ! የዜና አንባቢ ድምፅ። «ስሙኝማ» አለ፣ «ማሽኑ አይደክምም፣ አይቆጣም፣ አይሳሳትም። ከእንግዲህ የሐኪም ሥራ ማመን ብቻ ነው።» ይሄን ድምፅ የት ነው የማውቀው አልኩ። ከዚያ ደግሞ ተውኩት፣ ድምፅ ይመሳሰላል። ቂጡን አጥቤ ያሳደግኩት አንድ ልጅ ትዝ አለኝና አፈርኩ፤ እንዲህ ያለ ሊቅ ከዚያ ቂጥ ጋር ምን አገናኘው?

አስተማሪዋን አልጠበቀም። «እስኪመጡ ላደንዝዛቸው» ብሎ ተቀመጠ። ኮምፒውተሩን አየ። ከዚያስ? ከዚያማ ኮምፒውተሩን አየ። እኔን… አንድ ነገር ከጨርቅ ቀዳዳ ተከፍቶ ይጠብቀዋል፣ እሱን አየ። «እንግዲህ ጋሼ» አለኝ። ጋሼ! ዕድሜዬን ሁሉ እትዬ ስባል ኖሬ በስተርጅና ሹመት አገኘሁ። «አይፍሩ ጋሼ። በግራ፣ በታች፣ የመጨረሻዋ መንጋጋ ተጋድማለች። ማሽኑ አይቷታል።» በግራ! እእእ አልኩ። «አዎ፣ ትንሽ ያስፈራል» አለኝ። እእእእ! «ጎሽ፣ እንደሱ ይተንፍሱ» አለኝ። ኮምፒውተሩ የዓለምን ቋንቋ ሁሉ ይተረጉማል ይባላል። «እእእ»ን ግን ገና አልደረሰበትም።

«ካመመዎት እጅዎን ያንሱ» አለ። ሁለቱንም አነሳሁ። «ገና ሳልነካዎት? ስሜት ያታልላል ጋሼ፣ መረጃ ግን አያታልልም» ብሎ መርፌውን ግራ ድዴ ውስጥ ሰካው። ያቺ ቀጭን ድምፅ ከእግሬ በኩል «ኧረ… ጋሼ ባለተረከዝ ጫማ አድርገዋል እኮ» አለች። እግዜር ደረሰልኝ ብዬ እግሬን አወዛወዝኩላቸው። እሱ ምን ቢል ጥሩ ነው? «በበሽተኛ አለባበስ ላይ አንፈርድም!» እንዴት ያለ ጨዋ ልጅ ነው! ያሳደገችው ትባረክ። ሰውን በላይ በላዩ አይታ የማትፈርድ እናት ትሆናለች፣ ሌላ ከየት ያመጣዋል?

አሁን እኔ በግራ የመጨረሻዋ መንጋጋ አለችኝ እንዴ? በሠርግሽ ሰሞን አይደለም ያስነቀልኳት? ጉንጬን በሻሽ አስሬ ከጎንሽ የቆምኩበት ፎቶ አለሽ፤ አልበሙን ባወጣሽ ቁጥር «ይቺን እንኳ ባናሳያት» እያልሽ በእጅሽ የምትሸፍኚው። ልጁ ጣቱን ከተተና ደባበሰ። ባዶ ድድ፣ ልስልስ ያለ። ቢላዋ ሊያነሳ የተዘጋጀ ሰው እዚህ ላይ ቆም አይልም? እሱ ግን «ከድዱ ሥር ተቀብራለች» አለ፤ «ዓይን የማያየውን ማሽኑ ያያል።» ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ሲባል እሰማ ነበር፤ ጥርስ በሌለበት ነቀላ ግን በኔ ተጀመረ። እምነት ተራራ ያነሳል ሲሉም እሰማ ነበር… መንጋጋ ያበቅላል ለካ።

መቼም እየሳቅኩ አወራልሻለሁ እንጂ፣ ቢላዋው ከትሪው ሲነሳ ቀጭ ያለውን ድምፅ ስሰማ ላቤ በጀርባዬ ወረደ። በዚያ በኩልም ነርቭ አለ። ቢስት ከንፈሬ እንደደነዘዘ ሊቀር ነው፤ ምራቄ ሲፈስ ሳላውቅ ልኖር ነው። ጮኼ እንዳልናገር ጎማ፣ ዓይን ለዓይን እንዳልለምነው ጨርቅ። እጁን በጭፍን ልይዘው ስል…

«ተው! እጅህን መልስ!»

ጥርሳሟ ናት። ሮጣ መጥታ አንጓውን ያዘችው። «ምን ሆነሻል?» አላት፣ «ማሽኑ ያለውን አታይም?» «ማሽኑ ያለውን አያለሁ። ስለ ማን እንደሚል አንተ አይተሃል? ይሄ ራጅ ኮሪደር ላይ የተቀመጡት የጢማሙ ሰውዬ ነው። እኚህ ሴት ናቸው!» ያ መቦርቦሪያ እንኳ አፍሮ ዝም አለ።

አስተማሪያቸው፣ ዋናዋ ሐኪም፣ በሩ ላይ ነበሩ። አልጮኹም። መጡና ጎማውን ከአፌ አወጡልኝ፣ ጨርቁን ከፊቴ ቀስ አድርገው ገለጡት፣ «እኚህን ሴትዮ ታውቃቸዋለህ?» አሉት። ልጁ አየኝ። ያኔ ገና አየኝ። ከጭምብሉ በላይ ዓይኑ ብቻ ነው የሚታየው፤ ትልልቅ፣ ቆንጆ፣ የወንድሜን የሚመስል… እንዲህ ያለ ዓይን መቼም ብዙ ሰው አለው። «አክ…» አለና የቀረውን ዋጠው። «አክ…» ምን ሊል ነበር ትያለሽ? እኔ አክታ ይዞት ነው፣ አክ እንትፍ ሊል ነው ብዬ ፊቴን ዞር አደረግኩ። እስቲ አንቺ የተማርሽ ነሽ፤ በ«አክ» የሚጀምር ሌላ ምን ቃል አለ?

ማሽኑን ግን እንዳትወቅሺብኝ። ጢማሙ ሰውዬ ተጠርቶ ገብቶ ቢታይ፣ ማሽኑ ያለው አንድም ሳይዛነፍ እሱ አፍ ውስጥ ተገኘ። ግራ፣ ታች፣ የተጋደመች መንጋጋ። ዋናዋ ሐኪም ተማሪዎቹን ዞር ብለው አዩና «ማሽኑ የሰጣችሁትን ራጅ በትክክል አንብቧል። ሰውዬዋን ማንበብ የማን ሥራ ነበር?» አሉ። ልብ ያላለውን ዓይን አያየውም ይሉ ነበር የድሮ ሰዎች፤ ኮምፒውተር ሳይኖራቸው እንዴት አወቁት?

የኔንስ መንጋጋ ማን አወጣው? እሷው፣ ዋናዋ ሐኪም አጠገቧ ቆመው። የገዛ ራጄን ከፈተችው፣ ማሽኑ ነርቩን በቀይ አሰመረላት፣ እሷም «ልክ ነው፣ እኔ ባሰብኩት በኩል ብሄድ እነካው ነበር» ብላ መንገዷን ቀየረች። ታምነዋለችም፣ ትጠይቀዋለችም። እየሠራች ታወራኛለች፣ ትስቃለች… ያንን አንቺ የምታውቂውን ሳቋን። ሰው ሲፈራ እንዲህ ያለ ሳቅ መስማት ደስ ይላል ለካ! እኔም ሁለቱም ጉንጬ ደንዝዞ ወጣሁ፤ ግራው በእምነት፣ ቀኙ በሥራ።

ልጁስ ምን ሆነ አትይኝም? እኔው ልንገርሽ። ዋናዋ ሐኪም ትምህርቱን እንደገና እስኪያልፍ ድረስ ቢላዋ እንዳይነካ አሉት። እስከዚያ ራጅ ክፍል በር ላይ፣ ኮምፒውተሩ አጠገብ ቁጭ ብሎ የሚገባውን በሽተኛ ሁሉ ፊት እያየ ስም እየጠየቀ ከራጁ ጋር ያስተያያል። ለማሽኑ ክፍል ተመረጠ ማለት እኮ ነው! ይገርማል፣ ዶክተርዬም ለማሽኑ ክፍል፣ ያም ልጅ ለማሽኑ ክፍል። እስቲ ዶክተርዬን ጠይቂልኝ፣ «እንዲህ ያለ ልጅ አጠገብህ አለ?» በይው። የለም ካለሽ… እንግዲህ አንድ ወንበር ላይ ተደራርበው ተቀምጠዋል።

በማግስቱ ደወለልኝ ደግሞ። ስልኬን ከየት እንዳገኘው እንጃ። ሲያለቅስ ቃሉ አይለይም፤ እኔም አፌ ገና ስላልተፍታታ ተግባባን። «ይቅር በይኝ» አለ፣ «ለእናቴ ግን እንዳትነግሪብኝ፣ አትችለውም።» እሺ አልኩት። እኔ ቃሌን በልቼ አላውቅም። ይኸው እስከዛሬ ለእናቱ ትንፍሽ አላልኩም። ላንቺ ነው የነገርኩሽ… አንቺ ደግሞ ምስጢር ታውቂያለሽ፣ ቤት ተሸፍኖ እንዲኖር ትወጃለሽ።

ብቻ… ሳቁን እንተወውና፣ ያዘንኩት ለመንጋጋዬ አይደለም። እናቱ ሥራ ስትውል እኔ ጋ የሚውል አንድ ሕፃን ነበር። ጥርስ ሲያበቅል ድዱን በዚች ጣቴ ነበር የማሽለት፤ ጉንጩን ጉንጬ ላይ ካላደረገ እንቅልፍ አይወስደውም ነበር። እንዲህ ያለ ልጅ እንኳ ቢሆን በጨርቅ ቀዳዳ ሊያውቀኝ አይችልም፣ አልፈርድበትም። ግን ጨርቁን ገለጥ አድርጎ «ደህና ነዎት?» ማለት… ባዳ ብሆንስ? ጢማሙ ሰውዬ ብሆንስ? ይሄን በየትኛው ክፍል ነው የሚያስተምሩት? አይ፣ አታልቅሺ እንጂ! ስለ ሰው ልጅ እኮ ነው የማወራሽ። ልጁ አሁን ፊት ማየት ለምዷል አሉ። ባለፈው አንዲትን አሮጊት ስማቸውን ጠይቆ፣ የት እንደሚያማቸው ጠይቆ፣ የልጆቻቸውን ስም ሁሉ ሲጠይቅ ሰልፉ ኮሪደሩን አልፎ ወጣ አሉ። እሰየው ነው። ማሽን ያላስተማረውን ድንጋጤ አስተማረው። እናቱም ለሰፈሩ ስለሱ ማውራቷን ቀነስ ብታደርግለት ቀና ማለቱ አይቀርም።

ልጅቷማ ሰላምታ ልካልሻለች። ዋናዋ ሐኪም ለቀዶ ጥገናው ከጎናቸው የሚሠራ ተማሪ ሲፈልጉ እሷን ነው የወሰዱት። «የዶክተርዬ እናት ደህና ናቸው?» አለችኝ። «ደህና ናት፣ አንቺን ሳታነሳሽ ውላ አታውቅም» አልኳት። ዋሸሁ? እሁድ ምሳ እኔ ቤት ጋብዣታለሁ። ትልቁ ልጄ ያን ቀን ሥራ የለውም… እሱ ደግሞ ሳቂታ ሰው ሲወድ! እንግዲህ ወጣቶች ናቸው፣ እኔ ምን አገባኝ።

በይ ልሂድ። ሻይሽ ሳትቀምሺው ቀዘቀዘ። ምነው፣ ጉንጭሽን ያዝሽ? አመመሽ እንዴ? አንቺንም ጥርስ ጀመረሽ? በየት በኩል… አይ ተይው፣ ለኔ ምን ያደርግልኛል፣ ማሽኑ ይነግርሻል። ነይ እስቲ ልሳምሽ። በዚያኛው በኩል፣ እንዳላሳምምሽ።

ቆይ፣ ሳልመርቅሽማ አልወጣም። እግዜር ጤናሽን ይስጥሽ። የልጅሽን መዓርግ ያሳይሽ፣ ስሙን ከባሕር ማዶ ያስጠራልሽ። የባዳ ሐኪም እጅ አይንካሽ፣ የማንም መርፌ አይድረስብሽ። ጥርስሽ የሚነቀል ቀን፣ የኔ እህት፣ ፊትሽን በአረንጓዴ ጨርቅ ሸፍኖ… ወልደሽ ካሳደግሽው፣ ከዶክተርዬ እጅ ይጣልሽ።

አሜን በይ እንጂ… ምነው?